መመለሻ የሌለው ግዢ፦ የመጀመሪያ የጌም ኮምፒውተሩን ለሚገጥም ሰው

ኮምፒውተሩን በገዛ እጁ ገጥሞ ጌም መጫወት የፈለገ የአዲስ አበባ ወጣት ምክር አይቸግረውም። ዩቲዩብ ላይ በየሳምንቱ አዲስ ዝርዝር ይወጣል፤ የትኛው ግራፊክስ ካርድ ከየትኛው ፕሮሰሰር ጋር እንደሚሄድ፣ ከበጀቱ ስንት እጁ ለምን እንደሚውል የሚነግረው አያጣም። ምክሩ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ የተሰጠው ግን ለሌላ ገዢ ነው። ቨርጂኒያ ወይም በርሊን ያለ ሰው ካርዱ ካልሠራለት በሳምንቱ ወደ ሱቁ ይመልሳል፤ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር ካልተስማማ ይቀይራል። እኛ ጋ ካርዱ የመጣው በአክስት ልጅ ሻንጣ ነው፤ የአክስት ልጅ ደግሞ ዕረፍቱን ጨርሶ ተመልሷል። እዚሁ የተገዛውም ቢሆን «አስሞክረህ አይደል የወሰድከው?» ከተባለ በኋላ ነገሩ አለቀ።

ይህ የምርጫውን ሥርዓት በሙሉ ይለውጠዋል። የውጭ ገምጋሚዎች ዕቃን የሚመዝኑት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ለከፈልኩት ገንዘብ ስንት ፍሬም አገኛለሁ? እዚህ ግን ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት፦ ይህ ዕቃ ባይሠራ፣ ባይስማማ ወይም ከተጻፈበት ስም ሌላ ሆኖ ቢገኝ ምን ያስከፍለኛል? ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሳይ የምይዘው መመዘኛ ይኸው ነው።

ስህተቱ ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ ውድ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከወሰነ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ፕሮሰሰርም ሆነ ግራፊክስ ካርድ እዚህ ስለማይመረት ጭማሪው በቀጥታ ገዢው ላይ አረፈ። ዕቃው የሚገባባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንዱ ዱባይ ነው፤ ቡር ዱባይ ውስጥ በኻሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድ የኮምፒውተር ሱቆች ተደርድረዋል። ሌላው አሜሪካ ያለ ዘመድ ነው፤ በተለይ ዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖር ሰው ፌርፋክስና ሮክቪል ያሉት የማይክሮ ሴንተር መደብሮች ቅርብ ናቸው። ሦስተኛው የራሳችን ገበያ ነው፦ መርካቶ፣ ቦሌ፣ እንዲሁም «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚል ማስታወቂያ ቀኑን ሙሉ የሚለጠፍባቸው የቴሌግራም ቻናሎች። በዋጋ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያሸንፋሉ። ሦስተኛው ግን ሌላው የሌለው ጥቅም አለው፤ ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት ዕቃው ሲሠራ በዓይንህ ታያለህ። በእኔ ግምት ይህ ጥቅም ከሚገባው በታች ነው የሚታየው።

ዕቃ ከመመረጡ በፊት ግን ስክሪኑና ጨዋታው ይወሰኑ። 1080ፒ የሚባለው ስክሪን 2 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት፤ 1440ፒ 3.7 ሚሊዮን፣ 4ኬ ደግሞ 8.3 ሚሊዮን። ግራፊክስ ካርዱ እያንዳንዱን ነጥብ በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መሣል አለበት፤ ስለዚህ 4ኬ የፈለገ ሰው በ1080ፒ ከሚጫወተው አራት እጥፍ ሥራ አዘዘ ማለት ነው። የእግር ኳስ ጌሞች፣ ካውንተር ስትራይክ፣ ዶታ 2 እና ጂቲኤ 5 ለሚጫወት ሰው 1080ፒ ከበቂ በላይ ነው። ለመጀመሪያ ኮምፒውተር ከዚህ በላይ መሄድን አልመክርም፤ የስክሪኑ ትርፍ ወጪ ካርዱን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ኬዙንም አብሮ ስለሚያስወድድ ነው።

ወደ ግራፊክስ ካርዱ እንምጣ፤ ትልቁ ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ነውና። ዛሬ ክርክሩ የሚያጠነጥነው በካርዱ ሜሞሪ መጠን ላይ ነው፦ 8 ጊጋባይት ይበቃል ወይስ አይበቃም? በቂ አይደለም የሚሉት እ.ኤ.አ. በ2023 የወጡ ከባድ ጌሞችን ይጠቅሳሉ። ለምሳሌ የዘ ላስት ኦፍ አስ የኮምፒውተር ቅጂ የምስል ጥራቱ ወደ ላይ ሲደረግ በ1080ፒ እንኳ 8 ጊጋባይት ካርዶችን አስጨንቋል። ካምፓኒዎቹ ራሳቸው ልዩነቱን በዋጋ ተምነውታል፤ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2025 አርቲኤክስ 5060 ቲአይን በ8 ጊጋባይት 379 ዶላር፣ በ16 ጊጋባይት 429 ዶላር ብሎ አወጣው፤ ኤኤምዲም አርኤክስ 9060 ኤክስቲን በ299 እና በ349 ዶላር። አዲስ ለሚገዛና ካርዱን አምስት ዓመት ሊያቆየው ላሰበ ሰው የ50 ዶላሩ ጭማሪ ተገቢ ነው፤ እኛ ካርድ ቶሎ ቶሎ አንቀይርምና። ያገለገለ ለሚገዛና የምስል ጥራቱን መካከለኛ ላይ ማድረግ ለማይከብደው ግን የ8 ጊጋባይቱ አርኤክስ 6600 ዛሬም ያኮራል። ኃይል የሚወስደው 132 ዋት ብቻ ነው፤ አርቲኤክስ 4060 ደግሞ 115 ዋት ይበቃዋል። እንዲህ ያለ ካርድ ፓወር ሰፕላዩንም ዩፒኤሱንም አያስጨንቅም፤ የውጭ ገምጋሚ እንደ ትንሽ ነገር የሚያልፈው ይህ ቁጥር መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ትልቅ ነጥብ ነው። የኢንቴል አርክ ቢ580 በ249 ዶላር 12 ጊጋባይት ይዞ መምጣቱ ያስጎመጃል፤ ነገር ግን ሪሳይዘብል ባር የተባለውን ችሎታ የማይደግፍ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ አቅሙ በጣም ይወርዳል። አዲስ ቦርድ ላለው ብቻ ይሁን።

የስም ወጥመዶቹ ደግሞ ብዙ ናቸው። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 እና ባለ 6 ጊጋባይት ተብሎ ይሸጣል፤ የሚለያዩት በሜሞሪ ብቻ ይመስላል እንጂ የባለ 3ቱ ቺፕ ራሱ የተቀነሰ ነው፤ 1280 መሆን የነበረባቸው ኮሮች 1152 ናቸው። አርኤክስ 580 ከቻይና ሲመጣ «2048ኤስፒ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ አብሮት ካለ ዋናው 580 አይደለም፤ ዋናው 2304 ኮሮች አሉት። አርቲኤክስ 3060ም ከባለ 12ቱ ሌላ ዘግይቶ የወጣ ባለ 8 ጊጋባይት አለው፤ እሱም የሜሞሪ መንገዱ ከ192 ወደ 128 ቢት የጠበበና ቀርፋፋ ነው። ከእነዚህ የባሰው ባዮሱ (የውስጥ ማስነሻ ፕሮግራሙ) ተቀይሮ የሌላ ካርድ ስም እንዲናገር የተደረገ አሮጌ ካርድ ነው። የእነ ጂቲኤስ 450 ቺፕ ይዘው «1050 ቲአይ ነኝ» የሚሉ ካርዶች ገበያውን ዞረውታል። ዊንዶውስ በቀጥታ ያምናቸዋል። ጂፒዩ-ዚ የምትባለው ነፃ ፕሮግራም ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ካርድ ስታይ ሐሰተኛ መሆኑን ከስሙ ፊት ትጽፋለች። በፍላሽ ይዞ መሄድ ነው።

ፕሮሰሰር ላይ የኢንቴልና የኤኤምዲ ደጋፊዎች ንትርክ ከጥቅሙ በላይ ጊዜ ይፈጃል። ባለ 6 ኮር ራይዘን 5 5600 ወይም ኮር አይ5-12400 ለተጠቀሱት ካርዶች ሁሉ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚወጣው ገንዘብ ካርዱ ላይ ቢውል ይሻላል። እኔ የምቆምበት ጉዳይ ሌላ ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰር መጨረሻው ላይ ኤፍ የሚል ፊደል ካለው የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው። የውጭ ምክር ሁሉ «ኤፉን ግዛ፣ ትቆጥባለህ» ይላል፤ 12400 ሲወጣ 192 ዶላር፣ 12400ኤፍ 167 ዶላር ነበርና። ዕቃው ሁሉ በአንድ ካርቶን፣ በአንድ ቀን ለሚደርሰው ሰው ምክሩ ልክ ነው።

እኛ ግን በአንድ ቀን አይደርሰንም። ማዘርቦርዱ በጥቅምት፣ ካርዱ ለፋሲካ በሚመጣ ሰው ይሆናል። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ከሌለው በእነዚያ ወራት ውስጥ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ቦርዱ ይሥራ አይሥራ፣ ራሙ ጤነኛ ይሁን አይሁን ሳይታወቅ የሱቁ የመመለሻ ቀን ያልፋል። 25 ዶላር የተጨመረበት ፕሮሰሰር ግን በዕለቱ ኮምፒውተሩን ያስነሳዋል፤ የትምህርት ቤት ሥራ ይሠራል፣ ቀላል ጌም ያጫውታል። ካርዱ አንድ ቀን ሲሞትም ቤቱ ያለ ኮምፒውተር አይቀርም። ኤኤም5 በተባለው ሶኬት የሚገቡት የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች፣ ኤፍ ከተጻፈባቸው በቀር፣ ለዚህ የሚሆን ትንሽ ግራፊክስ አላቸው። በኤኤም4 በኩል ያለው 5600ጂ ደግሞ ካርድ ለጊዜው ለማይገዛ ሰው ግሩም ምርጫ ነው፤ ካሹ ግን 16 ሜጋባይት ነው፣ የ5600ው ግማሽ፤ ኋላ ጥሩ ካርድ ሲገባለት ትንሽ ይጎትታል። ለመጎተቱ ስል አልተወውም።

ያገለገለ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ አይ7 እና አይ9 ግን ርካሽ ቢሆንም ይቅር። እ.ኤ.አ. በ2024 እንደታወቀው ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን ይጎዱ ነበር። ኢንቴል በነሐሴ 2024 ማስተካከያ አውጥቷል፤ ማስተካከያው ጉዳቱ እንዳይጀምር ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አይፈውስም፤ የሻጩ ፕሮሰሰር ከዚያ በፊት እንዴት እንደሠራ ደግሞ ከውጭ አይታይም።

ማዘርቦርድ የጌሙን ፍጥነት እምብዛም አይቀይረውም፤ ስህተቱ ግን ሥራውን በሙሉ ያቆማል። ዋነኛው አደጋ ባዮስ ነው። የቆየ ቢ450 ቦርድ 5600ን ለመቀበል አዲስ ባዮስ ይፈልጋል፤ ባዮሱን ለመጫን ደግሞ ብዙዎቹ ቦርዶች የሚያውቁት ሌላ ፕሮሰሰር ያስፈልጋቸዋል። አሜሪካ ሱቁ ይሠራልሃል፤ እዚህ ፕሮሰሰር የሚያውስ ጓደኛ ፍለጋ ይጀመራል። ስለዚህ ከኋላው ባዮስ ፍላሽባክ የሚል ቁልፍ ያለው ቦርድ መምረጥ ነው፤ ያለ ፕሮሰሰር፣ በፍላሽ ብቻ ይታደሳል። ኤኤም5 እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣ ሶኬት ስለሆነ ነገ አዲስ ፕሮሰሰር ይቀበላል፤ ገንዘቡ ላለው ጥሩ መሠረት ነው። ኤኤም4 ግን ርካሽና ያገለገለ ዕቃ የሞላበት ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የኤኤም4 ፒኖች ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው፣ የኤኤም5 እና የኢንቴል ቦርዱ ላይ። ሻንጣ ውስጥ ያለ ፕላስቲክ መያዣው የተጣለ ራይዘን 5600 ፒኑ ታጥፎ ሊደርስ ይችላል። ለሚልክላችሁ ሰው ካርቶኑን ይጣል፣ የውስጡን መያዣና ብርማውን ከረጢት ግን እንዳይጥል ንገሩት።

ራም ላይ 16 ጊጋባይት ዝቅተኛው ነው፤ አንድ 16 ሳይሆን ሁለት 8 ይሁን፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ በተለይ በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ለሚጫወት ሰው። ባለ አራት ቀዳዳ ቦርድ ላይ ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይሰካሉ፤ ከዚያ ባዮስ ገብቶ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ ካልተከፈተ ራሙ ከተገዛበት ፍጥነት በታች ይሮጣል። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ንሯል፤ አምራቾቹ ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት እያዞሩ ነው። ማይክሮን ክሩሻል በሚል ስም ለግለሰብ ይሸጥ የነበረውን ሥራ እንደሚያቆም በታኅሣሥ 2025 አስታውቋል። ያገለገለ ዲዲአር4 ራም ያለው ኤኤም4 ኮምፒውተር ዳግም የሚያዋጣው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ኤስኤስዲ ላይ ብዙ አልቆይም፦ አንድ ቴራባይት ኤንቪኤምኢ፣ ገንዘብ ካጠረ ሳታ። በጌም መክፈቻ ጊዜ ልዩነታቸው ጥቂት ሰከንድ ነው። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ብቻውን 150 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ከፍጥነት መጠን ይቅደም።

አሁን ብዙ ሰው የተረፈችውን ብር ወደሚያውልበት ዕቃ ደረስን፤ ፓወር ሰፕላይ። ከዚህ ዕቃ በቀር ሲሞት ሌሎቹን ይዞ የሚሞት የለም። ከርካሽ ኬዝ ጋር «500 ዋት» ተብሎ በነፃ የሚሰጠውን አዙራችሁ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ። ካርዱንና ፕሮሰሰሩን የሚመግበው የ12 ቮልቱ መስመር ነው። ከዚያ ሥር «18 አምፔር» ቢል 12ን በ18 አባዙት፤ 216 ዋት ነው። ሌላው ዋት ጌም በማይፈልጋቸው በ3.3 እና በ5 ቮልት መስመሮች ላይ የተደመረ ወረቀት ነው። ደኅናው ባለ 500 ዋት በ12 ቮልቱ ብቻ 40 አምፔር ያህል ይሰጣል። 80 ፕላስ ብሮንዝ ወይም ጎልድ የሚለው ምልክት የሚናገረው ኃይል ስለ መቆጠቡ ነው፤ ስለ መከላከያ ሰርኪዩቱ ጥራት ምንም አይልም፤ ቢሆንም ምንም ምልክት ከሌለው ይሻላል።

ከሠንጠረዡ በላይ የግቤት ቮልቴጁን እዩ። «100-240 ቮልት» የሚለው ለእኛ የተሠራ ያህል ነው፤ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ወርዶ 180 ቢገባ እንኳ ዕቃው አይደነግጥም። «200-240» ብቻ የሚለው በዚያች ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። አሮጌዎቹ ላይ ደግሞ ከኋላ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ አለ፤ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 115 ላይ ነው የሚሆነው፣ በ220 ከተሰካ በዚያው ቅጽበት ይፈነዳል። ገመዱ ተነቃይ ከሆነ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ አታውሱት፤ ሶኬቱ ቢገጥምም የውስጡ አደራደር ከካምፓኒ ካምፓኒ ይለያያል፤ በዚህ የተቃጠለ ሃርድ ዲስክ ብዙ ነው። ለ5600 እና ለ4060 ዓይነት ኮምፒውተር ታማኝ ባለ 550 ዋት ይበቃል፤ ጌም ላይ ሆኖ ጠቅላላ የሚወስደው 250 ዋት አካባቢ ነው።

ዩፒኤስም ከዚሁ ሒሳብ ይወጣል። «650 ቪኤ» ብዙ ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው፤ ለዚህ ኮምፒውተር ይሆናል፣ ለከባድ ካርድ አይሆንም። ዓላማው መብራት ሲሄድ ጨዋታውን መጨረስ አይደለም፤ ሴቭ አድርጎ በሰላም ማጥፋትና መብራቱ ተንገዳግዶ ሲመለስ ያለውን ምት ሌላ ዕቃ እንዲቀበለው ማድረግ ነው። ዩፒኤስ የማይገዛበት በጀት ከሆነ ካርዱ አንድ ደረጃ ይውረድና ዩፒኤሱ ይገዛ። ከዚህ ሁሉ ምክር አጥብቄ የምይዘው ይህንን ነው።

ማቀዝቀዣ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ጠባይ አላት። ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች አየሯ ወደ ሩብ የሚጠጋ የሳሳ ነው፤ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ ክፍሉ ራሱ ቀዝቃዛ ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላለ ሰው ግን ነገሩ ከባድ ነው። ለሁሉም መፍትሔው ፊቱ በመስታወት ያልተዘጋ፣ ወንፊትና ታጣቢ የአቧራ ማጣሪያ ያለው ኬዝ ነው። ከ5600 ሳጥን ጋር የሚመጣው ፋን ለሥራው ይበቃል፤ የውሃ ማቀዝቀዣ ለዚህ ደረጃ ትርፍ ወጪ ነው።

ሙሉ ኮምፒውተር ከመግጠም ይልቅ ያገለገለ የቢሮ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ገዝቶ ካርድ መጨመርን የሚመክሩ አሉ፤ ብሩ ላጠረው ይህ ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው። የኃይል ገመድ የማይፈልግ ከ75 ዋት ያልበለጠ ካርድ፣ እንደ ጂቲኤክስ 1650 ወይም ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050፣ በቀጥታ ይሰካል፤ ኬዙ ቀጭን ከሆነ አጭሩ ዓይነት መሆን አለበት። ነገር ግን የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይና ቦርድ በአብዛኛው ከተለመደው 24 ፒን የተለየ ስለሆነ ኋላ ዕድገት የለም። ፕሮሰሰሩም ከ8ኛ ትውልድ በታች ከሆነ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 አብቅቷል። ቫሎራንት የተባለውን ጌም በዊንዶውስ 11 ለመጫወትም ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት ያስፈልጋል። በ4ኛ ትውልድ ዋጋ አትታለሉ። ላፕቶፕ ይሻላል የሚሉትም ቀላል ነጥብ አላነሱም፤ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነውና መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ሰፈር የእነርሱ መንገድ ያሸንፋል።

የግዢውን ተራ በተመለከተ፣ ማዘርቦርድ፣ ባለ ግራፊክስ ፕሮሰሰር፣ ራምና ፓወር ሰፕላይ በአንድ መንገደኛ አንድ ላይ ይምጡ፤ አራቱ ሲገናኙ ብቻ ነው የሚፈተኑት። ቢቻል ላኪው ሱቁ ውስጥ ወይም ቤቱ ገጥሞ ባዮሱ ሲከፈት ፎቶ አንስቶ ይላክ፤ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ማለት ነው። ግራፊክስ ካርዱ የመጨረሻ ይሁን፤ በተለመደው ጊዜ ዋጋው ፈጥኖ የሚወርድ እሱ ስለሆነ የቆየ ይጠቀማል። እሱንም እዚሁ ያገለገለ የሚገዛ ሰው ጂፒዩ-ዚንና ካርዱን በከባድ ሥራ የሚፈትነውን ፈርማርክን በፍላሽ ይዞ ሻጩ ጋ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፤ ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ በታች ይርጋ፣ ፋኖቹ ሁሉ ይዙሩ፣ ስክሪኑ ላይ እንግዳ ነጥብ አይታይ፣ ከኋላ ያሉት የኤችዲኤምአይና የዲስፕሌይፖርት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይሞከሩ። ግማሽ ሰዓት የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመ ወደሚቀጥለው ሱቅ መሄድ ነው።